እርሾ ክፍል ውስጥ የሚወራው

አንድ የእርጎ እርሾ ፓኬት አንሡና ጀርባውን አንብቡ። ጎላ ብለው የተጻፉት የባክቴሪያዎቹ ስሞች ናቸው፤ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ፣ አንዳንዴም አሲዶፊለስ። ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት በእነዚህ ስሞች ነው። ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ እርሾ ክፍል የሠራን ሰዎች ግን ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው ቃል ላይ ነው። ማልቶዴክስትሪን። ላክቶስ። ሱክሮስ። የዱቄት ወተት። ኢኑሊን። ጤነኛ ሰው ሳያነባት ቢያልፍ ምንም አይጎድልበትም። ሐኪም፣ አለርጂ ወይም ጾም ምግቡን ያጠበበበት ሰው ግን እርሾ መምረጥ ያለበት ከእሷ ጀምሮ ነው። ይህን ሱቅ ውስጥ የሚነግራችሁ የለም፤ የሚያውቁትም ከእርሾ ክፍሉ ወጥተው አያወሩትም። እኔ ልንገራችሁ።

ቃሏ ለምን እዚያ እንደተገኘች ልጀምር። እርሾ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ባክቴሪያውን በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ያራቡታል፤ የራሱ አሲድ እንዳይጎዳውም እያለዘቡ ይመግቡታል። ሲበዛ ክሬም እንደሚለየው ማሽን በሚሽከረከር መሣሪያ ፈሳሹን ያስወግዱና ወፍራሙን ያስቀራሉ። ያ ወፍራም ነገር በረዶ ይሆናል፤ በረዶ እንዳለም ውሃው በቫኪዩም ይመጠጥና ይደርቃል። ይህ ማድረቅ ለባክቴሪያው ከባድ ፈተና ነው፤ ገላውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይጎዳል። ስለዚህ ከመድረቁ በፊት ስኳርነት ያለው ነገር ወይም ወተት ይጨመርለታል፤ ውሃው ሲለቅ ስኳሩ በቦታው ገብቶ ሽፋኑን ደግፎ ይይዛል። ሁለተኛ ምክንያትም አለ። የደረቀው ንጹሕ ባክቴሪያ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ለሁለት ሊትር ወተት የሚበቃው መጠን ጥፍር ላይ የሚቀር ብናኝ ነው። ብናኝ መዝኖ በፓኬት መሸጥ አይመችም፤ መሙያ ይቀላቀልበታል። ቤታችሁ የምትከፍቱት ባለ 5 ግራም ፓኬት አብዛኛው ክብደቱ ያ መሙያ ነው። እርሾ አምራቾች ለወተት ፋብሪካ ሲሸጡ በግራም አይዋዋሉም፤ ይህ ከረጢት ይህን ያህል ሊትር ያረጋል ተብሎ በጉልበቱ ነው የሚሸጠው። ግራም የሚባለው ቋንቋ የመጣው ለቤት ገዢ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ያለ እሱ ቃሏ ከሚገባው በላይ ታስፈራለች ወይም ከሚገባው በታች ትናቃለች። አንድ ባለ 5 ግራም ፓኬት ሙሉ በሙሉ ኢኑሊን ነው ብለን እናስብ። 2 ሊትር ወተት ላይ ነስንሳችሁ ብታረጉት፣ በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ የሚደርሳችሁ ግማሽ ግራም ነው። መሙያው ላክቶስ ወይም ሱክሮስ ከሆነ የእርጎ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ራሳቸው ይበሉታል። ኢኑሊንን ግን አይነኩትም፤ እንደገባ ይወጣል። ሆዱ ቶሎ የሚነፋበት፣ ፎድማፕ የሚባለውን አመጋገብ የሚከተል ሰው ኢኑሊን ማየት ያስደነግጠዋል፤ ሆኖም ግማሽ ግራም ለአብዛኛው ሰው ጭንቅ የሚሆን መጠን አይደለም። የምታረጉት የኮኮናት ወተት ሆኖ መሙያው የዱቄት ወተት ከሆነና በላተኛው የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሕፃን ከሆነ ደግሞ ያው ግማሽ ግራም ሆስፒታል ሊያደርስ ይችላል። ለአንዱ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ለሌላው አደጋ ነው። የትኛው እርሾ ይሻላል ብለው ሲጠይቁኝ መልሼ የምጠይቀው የሚበላው ማን እንደሆነ ነው፤ ያን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ዋጋ የለውም።

ጥያቄውን ይዘው የሚመጡት በብዛት ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎችና የልጃቸው ነገር እንቅልፍ የነሣቸው ወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ የሚከተሉት ስፔሲፊክ ካርቦሃይድሬት ዳየት የሚባለውን አመጋገብ ነው። ሥሩ ኒው ዮርክ ነው። ሲድኒ ሃስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሴሊያክ የያዛቸውን ልጆች ሙዝ በበዛበት ምግብ ማከም ጀመሩ፤ በ1951 ደግሞ ልምዳቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ሰሞን ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ዲከ የሴሊያክ ጠንቅ ከስንዴና ከመሰሎቹ መሆኑን ስላሳዩ፣ የሃስ መንገድ ለሴሊያክ ቀረ። ከመረሳት ያዳኑት ኢሌን ጎትሻል የተባሉ እናት ናቸው። ልጃቸው በኮላይተስ ታማ ሃስ ዘንድ ወስደዋት አገገመች፤ እሳቸውም በጎልማሳነታቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጉዳዩን አጠኑ፤ በ1987 ያሳተሙት መጽሐፍ ኋላ «ብሬኪንግ ዘ ቪሽየስ ሳይክል» በሚለው ስሙ በብዙ አገር ተነበበ። ሕጉ አጭር ነው። ነጠላ ስኳሮች ይፈቀዳሉ፤ ድርብ ስኳሮችና ስታርች የታመመ አንጀት ፈጭቶ ስለማይጨርሳቸው ባክቴሪያ ይመገባቸዋል ተብሎ ይከለከላሉ። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ድርብ ነው። ስለዚህ ወተት አይፈቀድም፤ 24 ሰዓት የረጋ የቤት እርጎ ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም የአመጋገቡ ምሰሶ ነው።

በዚህ አመጋገብ ላይ ያለኝን አቋም አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ክሮንስ ያለባቸው አዋቂዎች ከሁለት ተከፍለው ገሚሱ ይህን አመጋገብ፣ ገሚሱ የሜዲትራኒያን የሚባለውን በሉ። ከ6 ሳምንት በኋላ ምልክቱ የጠፋላቸው በመጀመሪያው ወገን 46.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 43.5 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት አለው የሚያሰኝ አይደለም። ሁለቱም ረድተዋል፤ ጥብቁ ከላላው አልበለጠም። መድኃኒቱን ትቶ በእርጎ ብቻ ሊድን የሚያስብ ሰው ካለ ከዚህ መስመር አይለፍ፤ ሐኪሙን ያነጋግር። ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ የሚበላ ሰው ግን በትክክል የተሠራ እርጎ ይገባዋል፤ ከዚህ በኋላ የምለው ለእሱ ነው።

ፋብሪካ እርጎ በ42 ወይም በ43 ዲግሪ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚያረጋው። አሲዱ ፒኤች 4.6 ሲደርስ የወተቱ ፕሮቲን ይያያዛል፤ ወተቱ ረጋ ይባላል፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። የሚቀዘቅዘው ላክቶሱ ስላለቀ አይደለም፤ ገዢው የሚጎመዝዝ ነገር ስለማይወድ ነው። በሊትር 48 ግራም ገደማ ከሚሆነው የወተት ላክቶስ ብዙው እዚያው አለ። የ24 ሰዓቱ ሕግ የመጣው ባክቴሪያው በቂ ጊዜ ይሥራ ተብሎ ነው። በዚህ ላይ እርሾ ክፍል ውስጥ የሚታወቅ፣ ውጭ ግን ደፍረው የማይናገሩት ነገር አለ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እናት በስልክ «ጋሼ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ አቆይቼዋለሁ፤ ላክቶሱ አልቋል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላለቀም የኔ እህት፤ ቀንሷል» አልኳት። ዝም አለች፤ ልጇ ለአንድ ዓመት የበላው ነገር ነውና ዝምታዋ ገባኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባክቴሪያው ላክቶስን ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ግሉኮሱን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ ጋላክቶሱን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቀምበት መልሶ ይተፋዋል። አሲዱ እየበዛ ሲሄድ የሚጎዳው ራሱን ባክቴሪያውን ነው። ፒኤቹ ወደ 4 ሲወርድ ስንጠቃው ይዘገያል፤ ምግብ ሳያልቅበት ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ 24 ሰዓት ላክቶሱን በደንብ ይቀንሰዋል፤ ዜሮ ያደርገዋል ብሎ ሊምል የሚችል ባክቴሪያ ግን የለም። ምን ያህል እንደሚቀር በእርሾው ዘር፣ በሙቀቱና በወተቱ ይለያያል። ሙቀቱ ሌሊት 35 ላይ ከወረደ ሰዓቱ 24 ተብሎ ቢቆጠርም ሥራው የ24 ሰዓት አይሆንም።

እናትየዋን ግን በዚህ አላሰናበትኳትም፤ እናንተንም አላሰናብትም። አንደኛ፣ ሕያው እርጎ ሆድ ከገባም በኋላ ይሠራል። ላክቶስ የሚሰነጥቀው ኢንዛይም ባክቴሪያው ገላ ውስጥ ተቆልፎ የጨጓራን አሲድ ያልፋል፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ሽፋኑን ይከፍተውና ኢንዛይሙ የቀረውን ላክቶስ እዚያ ይሰነጥቃል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ተቀብሎ፣ እርጎው በግራም ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ካለው ላክቶስ ለማይስማማው ሰው ይረዳል የሚል አስተያየት ሰጥቷል። ሁለተኛ፣ ላክቶስን እስከ መጨረሻው መቀነስ የሚፈልግ ሰው በጠብታ የሚሸጠውን ላክቴዝ ኢንዛይም መጠቀም ይችላል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚያበላሹ ብዙ ናቸው። ጠብታው የሚሠራው ወተቱ ገና ወተት ሳለ ነው፤ እርጎው ከጎመዘዘ በኋላ ኢንዛይሙ ይደክማል፤ ወተቱ ሳይፈላ ከተጨመረ ደግሞ በፈላው ሙቀት ይሞታል። ወተቱን አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ጠብታውን ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግሥቱ ለብ አድርጋችሁ እርሾውን ጨምሩ። ሕመም የሌለበት፣ ላክቶስ ብቻ የማይስማማው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ ከላክቶስ ነፃ የተባለውን የሱቅ ወተት ገዝቶ ቢያረጋው በደንብ ይረጋለታል፤ ባክቴሪያው ግሉኮሱን ይበላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ጥብቅ አመጋገብ ላይ ላለና ወተት መብላት ለሚችል ሰው የምመክረው እርሾ ብዙውን ጊዜ ውድ ፓኬት አይደለም። ሱቅ የሚሸጠው ስኳርም ጣዕምም የሌለው ተራ እርጎ ነው። እርሾ ክፍል ውስጥ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በጽሑፉ ላይ «ወተት፣ ሕያው የእርጎ ባክቴሪያ» ብቻ የሚል አንድ ኩባያ ፈልጉ። ስታርች፣ ጄላቲን፣ ፔክቲን፣ ኢኑሊን፣ የዱቄት ወተት ከተጨመረበት አስቀምጡት። ከረጋ በኋላ በሙቀት የታከመ የሚል ካያችሁ ባክቴሪያው ሞቷልና እርሾ አይሆንም። ቀኑ የቀረበውን ሳይሆን ገና ብዙ ጊዜ የቀረውን አንሡ፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን እርጎ መጎምዘዙን አያቆምም፣ የባክቴሪያው ቁጥርም በየሳምንቱ ይቀንሳል። ያልተከፈተ ኩባያ ይሁን፤ ከላዩ ሳይሆን ከመሐሉ ጨልፉ። ለአንድ ሊትር ወተት ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ማብዛት እርጎውን አያሻሽለውም፤ ከመጠን በላይ የገባ እርሾ ቶሎ ያጎመዝዘዋል፣ አጓቱም ይለይበታል።

ፓኬት መግዛት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ንጹሕ ተራ እርጎ በማይገኝበት ከተማ ያስፈልጋል፤ በላተኛው የላም ወተት የማይስማማው ሆኖ የፍየል ወተት ስታረጉም ያስፈልጋል፣ የሱቁ ኩባያ ራሱ የላም ወተት ይዞ ይመጣልና። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ስሞች ብቻ የያዘ፣ ቡልጋሪከስና ቴርሞፊለስ፣ መሙያውም ከእናንተ ክልከላ ጋር የማይጋጭ ፓኬት ምረጡ። ሁለቱ የሚሄዱት አብረው ነው። ቴርሞፊለስ ቀድሞ ይነሣና ፎርሚክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቡልጋሪከስ ይሰጣል፤ ቡልጋሪከስ ፕሮቲኑን ሰባብሮ ለቴርሞፊለስ አሚኖ አሲድ ይመልስለታል። አብረው ሲሆኑ ለየብቻቸው ከሚወስድባቸው ባነሰ ጊዜ ያረጋሉ። ረጅም የስም ዝርዝር ያለው ፓኬት የተሻለ ይመስላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። አሲዶፊለስ ግን ከቡልጋሪከስ ጋር በ42 ዲግሪ ሲገባ ብዙም አይራባም፤ ያወጣችሁት ገንዘብ ብርጭቆው ውስጥ አይገኝም።

ቢፊደስ የሚባለው ባክቴሪያ በጎትሻል አመጋገብ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም አንጀት ውስጥ ከልክ በላይ ይበዛል የሚል ሥጋት ነው። የሥጋቱ ማስረጃ ቀጭን ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ልከራከርበት አልፈልግም፤ ቢፊደስ ኦክሲጅን የሚፈራ፣ በወተት ውስጥ ቀርፋፋ ፍጥረት ስለሆነ በቤት እርጎ ብዙ ጥቅም አይሰጥም፤ ሕጉን አክብሮ ያለ እሱ የሚያረጋ ሰው ያጣው ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላው ነገር ከራሱ እርጎ ላይ ቀንሶ ለሚቀጥለው እርሾ ማድረግን ነው። በተለመደው እርጎ ይሠራል፤ በ24 ሰዓቱ እርጎ ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዙር ላይ ቀጥኖ፣ ክር የሚመስል ሆኖ፣ ወይም ሳይረጋ ያድራል። ሰዎች ወተቱን ይጠረጥራሉ። ጥፋቱ የወተቱ አይደለም። ሙሉ ቀን በራሱ አሲድ ውስጥ የቆየ ባክቴሪያ የደከመ ነው፤ የሁለቱ ሚዛንም ወደ ቡልጋሪከስ ያደላል። ፋብሪካ ለእርሾ የሚያስቀምጠውን ልክ እንደረጋ ነው የሚያነሣው፤ ጠግቦ ሳይጎመዝዝ ወዲያው ያቀዘቅዘዋል። ቤትም ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ከዋናው ዕቃ ጎን አንዲት ትንሽ ክዳን ያላት ብልቃጥ ሙሉና አብራችሁ አስቀምጡ። ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ ረግታ ስታገኟት እሷን ብቻ አውጥታችሁ ፍሪጅ ክተቱ፤ ዋናው ሳይነካ ሰዓቱን ይጨርስ። የሚቀጥለው እርሾ እሷ ናት፤ በሳምንት ውስጥ ተጠቀሙባት። ሰነባብታችሁ የምታረጉ ከሆነ በበረዶ ማስቀመጫ ውስጥ በትንንሹ አቀዝቅዟት፤ ጥቂቱ ይሞታል፣ የተረፈው ይበቃል። ያም ሆኖ የታመመ ሰው የሚበላው ከሆነ በየጥቂት ዙሩ በአዲስ ኩባያ ጀምሩ። ከየት እንደመጣ የምታውቁት ባክቴሪያ ይሻላል።

ይህን ሳነሣ የእናቶቻችን እርጎ መነሣቱ አይቀርም። «ቅሏን በወይራ አጥነን የምናረጋው አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ያን እርጎ እወደዋለሁ። ያለ እርሾ የሚረጋ ነው፤ ባክቴሪያው ከወተቱና ከዕቃው ግድግዳ ይመጣል፤ የወይራው ጭስ ደግሞ አንዳንዱን ተሕዋስ ያዳክማል፣ ጣዕምም ይሰጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ የአገራችንን የዳበሩና የረጉ ምግቦች ለብዙ ዓመታት አጥንተው ጽፈዋል፤ ወተት በቤቱ ሙቀት ሲረጋ የሚሠሩት ላክቶኮከስና ሉኮኖስቶክን የመሳሰሉ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይወዳሉ። ከቅሉ ጨልፋችሁ 42 ዲግሪ ውስጥ ብትከቱት አብዛኞቹ ይዝላሉ፤ ቦታውን ማን እንደሚይዘው አታውቁም። በዚያ ላይ ወተቱ ጥሬ ነው፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ መጎምዘዙም ሁልጊዜ አይገድላቸውም። የአንጀት ሕመምተኞች ብዙዎቹ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት ይወስዳሉ። ጤነኛው የቤተሰብ አባል የለመደውን ይብላ፤ ለታመመው ግን የቅሉ እርጎ እርሾ አይሁን።

አገር ቤት ለሚያረጉ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህ ብዙ እርሾ ያለ ጥፋቱ እንዲጣል ያደርጋል። ላሟ ጡቷ ታሞ በፔኒሲሊን ታክማ ከሆነና ወተቷ የመድኃኒቱ ቀን ሳያልፍ ከተሸጠ፣ ወተቱ አይረጋም። ቴርሞፊለስ ፔኒሲሊንን እጅግ ይፈራል፤ ትንሽ ቅሪት ያስቆመዋል፤ ማፍላትም ቅሪቱን አያጠፋውም። ፋብሪካ ወተት ሲረከብ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ ይህ የሆነው ለበላተኛው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ የጋኑ ሙሉ ወተት እንዳይበላሽም ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ዓይነት እርሾ ካልረጋላችሁ እርሾ መቀየር አቁሙና ወተት የሚሰጣችሁን ሰው ላሞቹ ታክመው እንደሆነ ጠይቁ። ማፍላቱን በተመለከተ አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእርጎ ወተቱ ከ82 እስከ 85 መድረሱ ስለሚበቃ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው የሚቀጥለው ሙቀት ነው። በጋቢ የተጠቀለለ ድስት ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ለአምስት ሰዓት እርጎ ይበቃ ይሆናል፣ ለ24 ሰዓት አይበቃም። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ሰፊ አፍ ያለው ጥሩ ፔርሙዝ ከኤሌክትሪክ ማርጊያው ይሻላል፤ እርጎው ክዳን ባለው ብልቃጥ ሆኖ ፔርሙዙ ውስጥ ባለ ሞቅ ያለ ውሃ ከተቀመጠ፣ በየስምንት ሰዓቱ ውሃውን በመለወጥ ሙቀቱን መመለስ ይቻላል። የሙቀት መለኪያ ግዙ። ከሁሉም የእርጎ ዕቃ አስቀድሜ የማስገዛው እሱን ነው፤ ከ46 ዲግሪ በላይ ከሄደ ባክቴሪያው ይጎዳል፣ እጅ ግን ይህን አይለይም።

በጾም ወራት የሚጠይቁኝ ደግሞ ከወተት የራቀ እርሾ ነው። የአኩሪ አተር፣ የለውዝ ወይም የኮኮናት ወተት እናርጋ ይላሉ። ፓኬቱ ባክቴሪያው ከዕፅዋት ነው ቢልም መሙያው ላክቶስ ወይም የዱቄት ወተት ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ያደገበት ምግብም ወተት ሊሆን ይችላል፣ ይህ ሁልጊዜ አይጻፍም። «ከወተት ነፃ» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ፈልጉ። በለውዝና በኮኮናት ወተት ውስጥ ላክቶስ የለም፤ ባክቴሪያው የሚበላው እንዲያገኝ በሊትር አንድ ማንኪያ ማር ጨምሩበት፤ ማር በጾም ይፈቀዳል፣ በጎትሻልም አመጋገብ ይፈቀዳል። ለማጥፋት የምትሮጡት ላክቶስ ስለሌለ 24 ሰዓት አያስፈልግም፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ፕሮቲኑ እንደ ወተት ስለማይያያዝ ቀጭን ይሆናል። የሚያወፍሩበትን ስትመርጡ ጄላቲን ከእንስሳ መሆኑን አትርሱ፤ ፔክቲን ደግሞ ከፍራፍሬ ቢሆንም በሱቅ የሚሸጠው ዱቄት ጉልበቱ እኩል እንዲሆን ብዙ ጊዜ ስኳር ተቀላቅሎበታል፤ ድርብ ስኳር ለተከለከለ ሰው ያም ይቆጠራል።

እርጎ ጨርሶ መሞከር የሌለባቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ሳልል ብቀር አዝናለሁ። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው 100 ሰዓት ቢያረጋውም ኬዚኑ እዚያው ነው። ጋላክቶሴሚያ የሚባል በውርስ የሚመጣ ሕመም ላለበት ልጅ ይህ እርጎ መርዝ ነው፤ ባክቴሪያው የተፋው ጋላክቶስ ተከማችቶበታልና። አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ያጠረ ሰው ቡልጋሪከስ የሚያመነጨው ዲ-ላክቲክ አሲድ ሊከብደው ስለሚችል ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር። መከላከያው እጅግ የወረደ፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ወይም ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ማንኛውንም የቤት ምግብ ከመቅመሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የቀረው ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይቅመስ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ሆዱን ይጠብቅ፤ ከተስማማው ጥቂት በጥቂት ይጨምር። የእርሾውን ኩባያ ወይም የፓኬቱን ጽሑፍ ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ሆድ ሲነፋ ወይም ሽፍታ ሲወጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።